የደህና ሰው አስታማሚ

ጁባ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ከፈለ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ግቢዎ፣ ስሟን ሳያነሱ የማይውሉት ልጅዎ ናዝራዊት፣ ሁሉም ሰላም ነው? እኔ ከሙቀቱ በቀር የሚጣላኝ የለም። ኮር ዊሊያም በሚባል ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ውስጧ የተቀመጠ ሰው ይበስላል።

በስልክ ለላኩልኝ ጥያቄ መልሴ «አዎ» ነው። ሥልጠናዎ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ አልቀረም። እርስዎ ወደ ቢሾፍቱ በተመለሱ በሳምንቱ ሥራ ላይ አውዬዋለሁ። «ሪፖርት አትላኪልኝ፤ ሪፖርት ላይ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው። ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ በእጅሽ፣ የሚመጣ ሰው ሲገኝም በሰው ላኪው» ብለውኝ አልነበር? ይኸው ጻፍኩ። የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ነገ ስለሚበር ቦሌ ላይ ለናዝራዊት ያቀብላታል።

ሥልጠናው ላይ ስለ ቡድኔ ስለፈልፍ ሰምተውኛል። ዶርቃ አኮቦ ናት፣ ሱሌይማን ማላካል፣ ሉቃስ ፒቦር። ሦስቱም በየክሊኒኩ ያሉትን የክትባት ማቀዝቀዣዎች ይጠብቃሉ፣ ሲበላሹ ይጠግናሉ፤ እኔ ደግሞ ጁባ ቢሮ ተቀምጬ አለቃቸው ነኝ። በአካል የምንገናኘው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። «በዓይንሽ የማታያቸውን ሠራተኞች ደህንነት እንዴት ትጠብቂያለሽ?» እያሉ ወገባችን እስኪቆረጥ ያስቀመጡን ለዚህ ነበር።

እንዳስተማሩኝ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ስክሪን ላይ እሰበስባለሁ። ስለ ማቀዝቀዣ ከማውራታችን በፊት ስለ ራሳቸው እጠይቃለሁ። «እንዴት ናችሁ? ከአንድ እስከ አምስት ስጡ።» ሱሌይማን አምስት። ሉቃስ አምስት። ዶርቃ አምስት፣ ያውም ከነሳቋ። በየሳምንቱ እንዲሁ ነው። ናይሮቢ ያለችው አለቃዬ ቲና ውጤቱን አይታ «ምን እየመገብሻቸው ነው?» አለችኝ።

ቲና ስትስቅ ግን ዝም ብላ አትስቅም። ዓምና ከነዚሁ ጣቢያዎች ሁለት ሰዎች ጥለውን ሄደዋል። «ዘንድሮ አንድ ሰው ከለቀቀ ጣቢያዎቹን እዘጋቸዋለሁ፤ ከጁባ እየተመላለሰ የሚጠግን ኮንትራክተር እንይዛለን» ብላኛለች። ክረምቱ ሲገባ ከጁባ አኮቦ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ናይሮቢ ሆኖ አይታይም። ማረፊያው ጭቃ ሲሆን አውሮፕላን አይወርድም። በዚያ መሃል ማቀዝቀዣ ከቆመ የስንት እናት ልጅ ሳይከተብ ይቀራል። እኔ ይህንን ቡድን አላስዘጋም ጋሽ ከፈለ። ይህን ይያዙልኝ።

አክባሪዎ፣
ማንያህልሻል


ቢሾፍቱ፣ መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማኔ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ ተነበበም፤ ፊደልሽ ግን ቀለም የረገጠ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ጁባ ላይ ወረቀት ተወደደ እንዴ? ለሚቀጥለው አተልቀሽ ጻፊ።

አምስት፣ አምስት፣ አምስት አልሽኝ። ደስ ብሎኝ ለናዝራዊት በስልክ ነገርኳት፣ እሷም «አባዬ፣ ተማሪህ ካንተ በለጠች» አለች። በእኔ ጊዜ የሬዲዮ ማሠራጫ ጣቢያዎቻችን ተራራ ላይ ነበሩ፤ እዚያ ብርድ ላይ ወራት ለሚቀመጠው ሰው አለቃ የሚደውለው ናፍጣ ስንት ቀረ ሊለው ብቻ ነበር። ሰውየው ስንት እንደቀረው የሚጠይቅ አልነበረም። አንቺ ይህንን እየጠየቅሽ ነውና በርቺ።

ስለ እኔ ለጠየቅሽው፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ራሄል ካረፈች ወዲህ ቤቱ ትንሽ ሰፋብኝ እንጂ ምን እሆናለሁ? ናዝራዊትም በየእሁዱ ከአዲስ አበባ እየመጣች ዕቃዬን ሁሉ ከቦታው ታነሳሳብኛለች። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ እከርማለሁ።

ለዶርቃ፣ ለሱሌይማን፣ ለሉቃስ፣ የማያውቁኝ ቢሆኑም፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ከፈለ


ጁባ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ከፈለ፣

ፊደሌን አተልቄዋለሁ። ሰላምታዬን ግን አሳጥረዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ የታመመችው ዶርቃ ናት። በሕይወት አለች። እዚህ ጁባ ክሊኒክ ተኝታለች፤ ከትናንት ጀምሮ ሾርባ ይወርድላታል። በጽሑፍ መልእክት «በኋላ እነግርዎታለሁ» ብዬ ዝም ያልኩት ምን ብዬ እንደምነግርዎ ስላላወቅሁ ነው።

ሱሌይማን ለከባድ ጥገና ሊረዳት አኮቦ ሄዶ ነበር። ገና ከአውሮፕላኑ እንደወረደ ደወለልኝ። «ማኔ፣ ይህችን ልጅ የሚያያት ሰው አለ?» አለኝ።

«ምን ሆነች?»

«የለበሰችው ቀሚስ ለሌላ ሰው የተሰፋ ነው የሚመስለው።»

ለካ ወባው ሲሄድ ሲመለስባት ከርሟል። አብራት የምትኖረው ነርስ ከሄደች ወዲህ ብቻዋን ናት። ካመመኝ ይተኩኛል ብላ ፈርታ፣ ማቀዝቀዣዎቿን በጥሩ ሁኔታ ይዛ፣ እሷ አልቃለች። ጋሽ ከፈለ፣ በዚያችው ሰኞ አምስት ሰጥታኝ ነበር! እየሳቀች! እኔ ደግሞ አምስቱን መዝግቤ ወደ ማቀዝቀዣ ወሬ አለፍኩ። ራሴን በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ክሊኒኩ ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎ። ሐኪሙ ዶርቃን ምንሽን ያምሻል ይላታል። «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም። ትኩሳት? «ማፊ ሙሽኪላ።» ጋምቤላ ያደገች ልጅ ናት፤ በአማርኛ ብጠይቃትም «ኧረ ደህና ነኝ» ነው መልሷ። ከጎኗ አንድ የአገራችን ሰው፣ የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከሚስቱ ጋር አለ። ሐኪሙ ሰውየውን ሲጠይቅ እሱም «ደህና ነኝ» ይላል። ሚስትየዋ ግን «ደህና ይላል እንዴ! ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ!» ብላ አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ሐኪሙ የሚጽፈው የሷን ነው።

አስበውታል? እኛ ዘንድ ሐኪም ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። አስታማሚ ይከተለዋል። በሽተኛው ይጠየቃል፣ የሚመልሰው አስታማሚው ነው። ሰው ስለ ራሱ መከራ ማውራት ያፍራል፤ ስለሚወደው ሰው ከሆነ ግን የሚያስቆመው የለም። እኔ ደግሞ እነዚህን ልጆች ያለ አስታማሚ ሐኪም ፊት አቁሜ ነበር የምጠይቃቸው።

ይህን እያሰብኩ ዶርቃን «ሱሌይማንስ እንዴት ነው?» አልኳት፣ እንዲያው ለወሬ። ተነስታ ተቀመጠች። ጅማ ልጅ እንደተወለደለት፣ ልጁን በስልክ ብቻ እንዳየው፣ ፈቃድ መጠየቅ እንደፈራ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ሱሌይማንም በየሳምንቱ አምስት የሚሰጠኝ ሰውዬ ነው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ከእንግዲህ ማንንም ስለ ራሱ አልጠይቅም። ዶርቃን ስለ ሱሌይማን፣ ሱሌይማንን ስለ ሉቃስ፣ ሉቃስን ስለ ዶርቃ፣ ለየብቻ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ለደህና ሰውም አስታማሚ እመድባለሁ። ምን ይላሉ?

ማንያህልሻል


ቢሾፍቱ፣ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማኔ፣

የዘገየሁት መነጽሬ ጠፍቶ ነው፤ ይቅርታ። ተገኝቷል፣ ብዙም ለውጥ አላመጣም እንጂ። ዶርቃ ተነስታ ቢሮ ድረስ መምጣቷን በስልክ ስትነግሪኝ ለብቻዬ እጄን አጨበጨብኩ። አንቺ ራስሽን በጥፊ ለመምታት ከተነሳሽ እኔንም ጨምሪኝ፤ በእነዚያ አምስቶች አብሬሽ ጨፍሬአለሁ።

ስለ አስታማሚ ያልሽው ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን የምመክርሽ አለኝ፣ እንዳትቆጪ። ሰው በሌለበት ስለ ሰው በስልክ ማውራት የድሮ ስም አለው፤ ሐሜት ይባላል። ሱሌይማን ስለ ሉቃስ የነገረሽ ነገር አንቺ ጋ ቢቀር ጥሩ። ካልቀረስ? ሠራተኛ ጓዳው ተከፍቶ ባየ ቀን አይመለስልሽም። ሥልጠናው ላይ ይህንን ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ አንቺ ያን ጊዜ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ታወሪ ነበር።

እርግጥ ነው ዘዴሽ ከእኔ ዘዴ ይሻላል። የጎደለው ነገር ግን አለ፣ እኔም ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። እስከምናውቀው ድረስ አትቸኩዪ።

ከፈለ


ጁባ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ከፈለ፣

ይሳቁብኝ፣ መብትዎ ነው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከቸኮልኩ በኋላ ነው።

ሉቃስ ሥራ መልቀቂያ አስገብቷል። ቲና ገና አላወቀችም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሱሌይማንን ስለ ሉቃስ ጠየቅሁት። የሉቃስ እጮኛ ሌላ ሰው አግብታ እንደሄደችና ልጁ እህል እንደማይበላ ነገረኝ። እኔ ጅል በማግስቱ ዶርቃን «ሉቃስን አይዞህ በዪው» አልኳት። እሷም ደወለችለት፣ አለቀሰችለት፣ መዝሙር ዘመረችለት። ሉቃስ ለአንድ ሰው ብቻ በምስጢር የነገረው ነገር ፒቦር፣ ማላካልና ጁባ ደርሶ ጠበቀው። የጻፈልኝን አልረሳውም፦ «እህቴ ማንያህልሻል፣ ሴትየዋ አንዴ ነው የተወችኝ፤ እናንተ በየኔትወርኩ ደጋግማችሁ አስተዋችሁኝ።»

በሐምሌ መጀመሪያ ቁልፍ ለማስረከብ ጁባ ይመጣል። እሱ ከሄደ ጣቢያዎቹ ተዘጉ ማለት ነው። ዶርቃ ደግሞ ገና ትናንት በስንት ልመና አኮቦ ተመለሰች፣ «ማቀዝቀዣዎቼ» እያለች። ለእሷ ምን ልበላት? ሌሎቹንስ? ጥፋቱ የኔ ሆኖ ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ማታ ከቢሮ ስወጣ ጀበል ኩጁር ተራራ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ አይቼ፣ እንኳን ደስ ሊለኝ፣ ያቺም ጥላኝ የምትሄድ መሰለኝ።

ሉቃስን ምን ልበለው ጋሽ ከፈለ? በእግዚአብሔር ይመልሱልኝ።

ማንያህልሻል


ቢሾፍቱ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

አልሳቅሁም። ደብዳቤውን ይዞልሽ የሚመጣው ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር ነው።

ሉቃስን መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂው። «ነገር ግን» የሚባል ቃል አትጨምሪበት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትዪው እኔም አላውቅም። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ልንገርሽ።

ራሄል በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ዶክተሩ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ አልኩት። ራሄል እዚያው አጠገቤ ሆና «ይዋሻል፤ ደረጃችን ላይ ሁለት ጊዜ ነው የሚያርፈው» አለችው። ተናደድኩ። ቤት እስክንደርስ አላናገርኳትም። ልቤ የዳነው ግን በዚያ ቀን ነው። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ተደብቃ ደውላ ነግራው ቢሆን ኖሮ ይቅር እላት ነበር? አይመስለኝም። እዚያው ፊቴ ስለተናገረች ልክዳት አልቻልኩም፣ ልቀየማትም አልቻልኩም። ከዚህ የሚጠቅምሽ ካለ ውሰጂው።

ሐዋሳ ልሰጠው ስለነበረው ሥልጠና ለጠየቅሽኝ፣ ሰርዤዋለሁ። ሙቀቱ አይስማማኝም።

ከፈለ


ጁባ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ከፈለ፣

እንዴት ነዎት? እኔ ዛሬ ከደህናም በላይ ነኝ።

አለቀስሽ እንዴ እንዳይሉኝ፣ እኔ አላለቀስኩም። ያለቀሰው ሉቃስ ነው፣ እሱም ትንሽ፣ ከዚያ ሳቀ።

ቢሮ ልጠራው አልፈለግሁም። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀጣጠርን። ተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ በጆንያ ይገፉናል፣ ቦዳቦዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲዎች ጡሩምባቸውን ይነፉብናል፤ እንዲያ ባለ ጫጫታ ውስጥ ሰው የልቡን ቢናገር ማን ይሰማዋል? ሉቃስ የፒቦርን ቁልፎች አውጥቶ በሻዬ አጠገብ አስቀመጣቸው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ነገር ግን» አላልኩም። ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ከዚያ የእማማ ራሄልን ነገር እንዳለ ነገርኩት፣ ደረጃውን ሳይቀር። «ካሁን በኋላ አንተ የሌለህበት ቦታ ስለ አንተ የሚወራ ነገር የለም። ሰኞ ስክሪን ላይ፣ አንተ እየሰማህ፣ አስታማሚህ ይናገራል። ይዋሻል ካልክ እዚያው ትለዋለህ። እዚያ የተባለውም ከእኛ አይወጣም» አልኩት።

ሻዬን አንስቶ ጠጣው፣ የራሱን አልነበረም።

«ሁለት ነገር አለኝ» አለ በኋላ። «አንደኛ፣ አስታማሚዬን አንቺ አትመድቢልኝም፣ ራሴ እመርጣለሁ። ዶርቃ ትሁንልኝ። መዝሙሯን ግን ታቁም።»

«ሁለተኛውስ?»

«ያንቺ ማን ነው?»

«እኔ አለቃ ነኝ እኮ» አልኩት።

«አለቃ አይታመምም?»

ጋሽ ከፈለ፣ ያን ሁሉ ቀን ስንሠለጥን ይህን ጥያቄ አንድም ሰው አላነሳውም! ሉቃስ ቁልፎቹን አንስቶ ኪሱ ከተታቸው። «እንግዲያው እኔ ነኝ ያንቺ» አለ። መልቀቂያውን ቀደን ለሻይ ሻጯ ለምድጃዋ ሰጠናት። ተነስቼ ላቅፈው ስል አንዱ ተሸካሚ በሽንኩርት ጆንያ መትቶ መልሶ አስቀመጠኝ።

ሰኞ በአዲሱ መንገድ ጀመርን። ዶርቃ ሱሌይማን እየሰማ «እሱ አይነግራችሁም እንጂ ልጁ እሱ ሳያቅፈው እግር አውጥቶ ሊሮጥ ነው» አለች። ሱሌይማን ፊቱን ሸፈነ። አልካደም። በሚቀጥለው በረራ ወደ ጅማ ይሄዳል፤ እስኪመለስ ሉቃስ ሁለቱንም ጣቢያ ይሸፍናል፣ ራሱ ነው ያለው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሥልጠናው ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ኮት ለብሰው የጁባን ሙቀት የቻሉ ሰው ሐዋሳ ሞቀኝ ይላሉ? የጽሑፍዎ መስመርም ወደ ታች እየወረደ ጠረጴዛው ላይ ሊፈስ ምንም አልቀረው። ዝም ብዬ ነው የምጠይቀው።

ማንያህልሻል


ጁባ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ከፈለ፣

አይዘጉም! ጣቢያዎቹ አይዘጉም!

ይህችን መጀመሪያ ልጻፍ ብዬ ነው ሰላምታውን ያዘገየሁት። እንዴት ነዎት? እኛ እየጨፈርን ነው።

እንደፈራሁት ቲና ራሷ መጣች። ግምገማው ላይ ሦስቱም ስክሪን ላይ ነበሩ። ቲና ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና «አምስቶቹ የት ሄዱ?» አለች። ቁጥር መስጠት ትተናል አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ሰዎችሽ ደህና መሆናቸውን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ላስረዳት አፌን ስከፍት ሉቃስ ከፒቦር በእንግሊዝኛ ቀደመኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር እየጮኸ ነበር የሚያወራው።

«ማንያህልሻልን ከጠየቅሻት ደህና ነኝ ትልሻለች። እኔ አስታማሚዋ ነኝና እኔን ጠይቂኝ። ምሳ አትበላም። ዓመት ሙሉ ፈቃድ አልወጣችም። አንቺ ልትመጪ ነው ከተባለ ጊዜ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ኢሜይል ትልክልናለች። እሷን ካላሳረፍሽ የሚቀጥለው ለቃቂ እሷ ናት፣ እኛም እንከተላታለን።»

ወንበሬ ሥር መግባት አማረኝ። እውነት ነው ግን፣ ልክደው አልቻልኩም። እርስዎ እማማ ራሄልን ቤት እስክትደርሱ ያላናገሯት ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ የዳኑት ለምን እንደሆነም ገባኝ። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ፣ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ግን ወረደ።

ቲና ወረቀቷን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ፣ ጋሽ ከፈለ፣ ያቺ ብረት የመሰለች ሴት፣ «ስለ እኔ እንዲህ የሚናገር ሰው ያለ አይመስለኝም» አለች። ዶርቃ ከአኮቦ «ፈልጊ፣ ታገኛለሽ» አለቻት።

በማግስቱ ከመሄዷ በፊት ሦስቱም ጣቢያዎች እንደሚቀጥሉ ጽፋ ፈረመች። ዓምና ከለቀቁት አንዱ ደግሞ የሉቃስን ወሬ ሰምቶ ልመለስ ብሎ አመልክቷል። በየአገሩ ተበትነው ለሚሠሩት ሌሎች ቡድኖች አለቆችም ኅዳር ላይ ጁባ ሥልጠና ይኖራል። ማን ያሠልጥን ስትል እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ «አስተማሪዬ ሳይኖሩ አልቆምም» አልኳት። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ አኮቦ አውሮፕላን ያላረፈበት ሳምንት ሞልቷል፤ ማቀዝቀዣዎቹ ግን አንድም ቀን አልቆሙም፣ ሰው አላቸውና።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

«ደህና ነኝ» ብለው የጻፉልኝን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ጉንዳን የመሰለዎት ፊደሌ፣ ጠፍቶ ተገኝቶ ለውጥ ያላመጣው መነጽር፣ የሐዋሳው ሙቀት፣ የሚወርደው መስመር። ለናዝራዊት ደውዬ ልጠይቃት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እርስዎ በሌሉበት አልጠይቃትም፣ ሕጋችን ነው። እሁድ እሷ ስትመጣ እደውላለሁ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ከጎንዎ ያስቀምጧት። እርስዎን ምንም አልጠይቅም። ጥያቄዬ ለእሷ ነው፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ከተቆጡኝም እስከ ኅዳር ጊዜ አለን።

ልጅዎ፣
ማንያህልሻል


ቢሾፍቱ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማኔ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ለዶርቃ፣ ልጁን አቅፎ ለተመለሰው ለሱሌይማን፣ ለሉቃስም እንዲሁ በይልኝ። ለሉቃስ በተለይ።

ያቺን እሁድ መቼም አልረሳት። ናዝራዊት አንዴ አፏን ከከፈተች በኋላ የእናቷ ልጅ መሆኗን አስታወሰችኝ። ዓይኔን ሞራ እንደጋረደው፣ ደጃፉ ላይ ሁለቴ እንደወደቅሁ፣ ቀጠሮ ተይዞልኝ በሰበብ እንዳስቀረሁት፣ ደብዳቤዎችሽን በአጉሊ መነጽር ቀኑን ሙሉ ስቆጥር እንደምውል፣ አንዱንም አላስቀረችም። ተናድጄ እንደነበር በስልክ ሰምተሻል። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ እስከ ማታ አላናገርኳትም።

«ለምን አልነገሩኝም?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ፈራሁ ልጄ። ሌላ መልስ የለኝም። ሰው ፊት ቆሜ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የሰውን ፊት ካላየሁ ምን ቀረኝ ብዬ ፈራሁ፣ የዓይን ቀዶ ጥገናውን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ፈራሁ። ራሄል ብትኖር ጎትታ ትወስደኝ ነበር። ለስንት አለቃ ሠራተኛህን ጠይቅ ስል፣ ለራሴ ጠያቂ አላስቀረሁም ነበር።

ቀኝ ዓይኔ ተሠርቷል። ግራው ለጥቅምት ነው። ፋሻው የተነሳ ቀን ናዝራዊት «የምታነበውን ነገር ምረጥ» አለችኝ፤ የመጀመሪያዋን፣ የመጋቢቷን ደብዳቤሽን አምጪ አልኳት። እንደ ውኃ አነበብኳት። ለካ ፊደልሽ ትንሽ አልነበረም።

አሁን ስለ ኅዳር። እመጣለሁ። የጁባን ሙቀት እንደምችል አንቺው መስክረሻል። ግን መድረኩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ከአንድ እስከ አምስት የሚለውን ከማስተማሪያዬ በገዛ እጄ ሰርዤ የእናንተን ጽፌበታለሁ። ለሠላሳ ዓመት ሳስተምር ከተማሪ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ ኮርቼብሻለሁ። ሻይ ሻጯ ዘንድ እንሄዳለን። የሽንኩርት ጆንያ ከመጣ ከሩቁ አይቼ እጎትትሻለሁ።

ለሌላው ጥያቄሽ ደግሞ፣ አዎ፣ እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ። ካላመንሽ ናዝራዊትን ጠይቂ፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ እስክሪብቶውን ልትቀማኝ ነው።

ከፈለ

ናዝራዊት ነኝ። አባዬ እያየኝ ነው የምጽፈው። ደህና ነው፤ ትናንት ደረጃውን ወርዶ ብቻውን ገበያ ሄዶ መጣ። የዓይን ጠብታውን ግን ዛሬ ጠዋት አላደረገም።